ላምባ የነካው ድስት

ባለፈው ቅዳሜ ረፋዱ ላይ አንዲት የማላውቃት ልጅ ደወለችልኝና ከመተማ ለሥልጠና ጎንደር እንደመጣች፣ ሦስት ቀን እንደምትቆይ፣ ከቤታቸው የተላከልኝን የሰሊጥ ዘይትም ለኮንዶሚኒየማችን ዘበኛ ትታልኝ እንደሄደች በአንድ ትንፋሽ ነገረችኝ። ማን ልበል ስላት «የዘሃራ ላምባ የልጅ ልጅ ነኝ» አለች፤ ስሙን የጠራችው ያለ ምንም ኀፍረት፣ እንደማንኛውም የአያት ስም ነው። ለእሑድ ምሳ ቤቴ እንድትመጣ ቀጥሬያት ስልኩን ዘጋሁና ዘይቱን ላመጣ ወደ ዘበኛው ወረድሁ።

ዘይቱ በውኃ ፕላስቲክ ተሞልቶ አፉ በፌስታል ታስሯል። ከሱቅ የምገዛው ዘይት የጠራ ነው፣ ሽታም የለው፤ ይኼኛው ግን ጠቆር፣ ወፈር ያለ፣ የተቆላ ሰሊጥና ፀሐይ ያቃጠለው አፈር የሚሸት፣ ክዳኑ ገና ሲላላ ክፍሉን የሚሞላ ነው። ጡረታ የወጣች አስተማሪ ጉልበት ወንበር ላይ ለመውጣት አይመክርም፣ እኔ ግን ወጣሁና ከቁም ሣጥኑ አናት ላይ በጋዜጣ የተጠቀለለውን ትልቅ የብረት ድስት አወረድሁ። ጆሮው ላይ የነበረው ቀይ ክር ደብዝዞ ቡናማ ሆኗል። አፍንጫዬን ወደ ውስጥ አስገብቼ አሸተትሁ፤ ምንም አይሸትም፣ የላምባው ሽታ ከብዙ ዓመት በፊት ለቆታል፤ ሆኖም በየጊዜው ማሽተቴን አልተውሁም።

የእኛ ሰፈር መተማ ላይ ወደ ድንበሩ ከሚወስደው መንገድ ገባ ያለ፣ አንድ ረድፍ የሣር ክዳን ቤትና ጥቂት ቆርቆሮ ነበር። አባቴ ከጎጃም ለአንድ የሰሊጥ አጨዳ ብቻ ወርዶ፣ በዚያው እናቴን አግኝቶ፣ ከዚያም ሌሎች አጫጆችን የሚያዝ ካቦ ሆኖ የቀረ ሰው ነው፤ እናቴ የጭልጋ ልጅ ናት፣ ለሾፌሮች ምሳ ትሠራለች። ከግድግዳችን ወዲያ እትዬ ዘሃራ ነበሩ፤ አባታቸው ከድንበሩ ማዶ የመጡ ነጋዴ፣ ባላቸውም ነጋዴ፣ ሱቁን ግን የሚያዙት እሳቸው፤ ሳሙናም፣ ስኳርም (ስኳር ከቀበሌው የኅብረት ሱቅ በጠፋ ጊዜ እሳቸው ዘንድ ከየት እንደሚመጣ ማንም አይጠይቅም)፣ ላምባም፣ ጠዋት ጠዋት ደግሞ ሌሊቱን ሲንተከተክ ያደረ ፉል በሰሊጥ ዘይት ይሸጣሉ። ከእሳቸው ወዲያ ሐዋ የምትባል የጉሙዝ ሴት ከአራት ልጆቿ ጋር፣ ፊት ለፊት ደግሞ የክሊኒኩ ድሬሰር ጋሼ ተክላይ፣ የትግራይ ሰው፣ ብቻቸውን ይኖራሉ። በበጋ ሙቀቱ ቤት ስለማያስገባ ሁላችንም አንገረብ የምንለውን የገመድ አልጋ እያወጣን ደጅ እንተኛ ነበርና የማን ባል እንደሚያንኮራፋ፣ የማን ሕፃን በስንት ሰዓት እንደሚያለቅስ የማያውቅ አልነበረም። ስለ አንድነት ዘወትር እሑድ በቀበሌ ስብሰባ ይሰበክልን ነበር፤ እኛ ግን ከስብሰባው የምናስታውሰው አግዳሚው ወንበር ምን ያህል እንደሚቆረቁር ነው።

አብሮ መኖሩ ሥራ ነበረው፤ ከሥራዎቹም አንዱ የድስት ነገር ነው። የእስላሙን ዕርድ ክርስቲያኑ፣ የክርስቲያኑን ዕርድ እስላሙ አይበላም። ስለዚህ የደገሰ ሰው ሁለት ያርዳል፤ አንዱን ራሱ፣ አንዱን የጎረቤቱ ወገን። ሥጋው በሁለት ድስት ይገባል፣ የእንግዳው ድስት ጆሮ ላይ ቀይ ክር ይታሰራል፣ ከዚያ ያ ድስት በጎረቤት ቤት፣ በጎረቤት እጅ ይበስላል። ክርስቲያኑ ሲደግስ እንዲህ፣ እስላሙም ሲደግስ እንዲሁ። ግቢው ውስጥ አንዱ ወገን በዚህ፣ ሌላው በዚያ ይቀመጣል፣ ወሬው ግን በመካከል ያልፋል። በዚህ ሁሉ ውስጥ አንድ የማይደረግ ነገር ነበር፤ መጠየቅ። «ይህ የኛ ነው ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ እንግዳ ባለቤቱን እንደ ሰደበ ይቆጠራል። ሰው ክሩን ያያል፣ ይቀመጣል፣ ይበላል።

አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጎንደር አክስቴ ቤት ተቀምጬ ጨርሼ፣ ፈተናዬን ተፈትኜ ወደ መተማ በወረድሁበት ክረምት ሥራ ፈትቼ ነበርና ጋሼ ተክላይ ክሊኒክ እየሄድሁ ፋሻ መጠቅለል ጀመርሁ። ፋሻው ሰበብ ነው። የፈለጉኝ ለምላሴ ነበር፤ ዐረብኛውን ከእትዬ ዘሃራ ሱቅ፣ ጉሙዝኛውን ከሐዋ ልጆች ጋር ስንጫወት፣ ትግርኛውን ከራሳቸው ከጋሼ ተክላይ ለቃቅሜአለሁ፤ አንዱንም አጥርቼ አላውቅም፣ ለሆድ ቁርጠትና ለትኩሳት ግን ይበቃል። ጋሼ ተክላይ «መቼ ጀመረሽ?» ብለው በሁለት ቃል የጠየቁትን እኔ በጉሙዝኛ ስተረጉም ሴትዮዋ ስለ አማቷ፣ ስለ ማሽላው፣ ስለ ባለፈው ዓመት ጎርፍ ታወራልኛለች፣ እኔም በመጨረሻ ዞር ብዬ «ከትናንት ወዲያ» እላቸዋለሁ፤ እሳቸውም መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ያን ሁሉ የተነገረ ነገር የት እንዳደረስሁት ለማወቅ ያዩኛል። ሐዋ ከዚያ በፊት ልጇ በትኩሳት ሲንቀጠቀጥ እንኳ ክሊኒክ ረግጣ አታውቅም ነበር። እኔ ከገባሁ በኋላ ግን የታመመ ሰው ሁሉ እጁን እየያዘች ታመጣለች፤ በር ላይ ቁጭ ብላ፣ እኔ ካልመጣሁ ማንም እንዳይነካቸው ትጠብቃለች። እንዲህ የሚጠብቀኝ ሰው ከዚያ በኋላ አላገኘሁም።

መስከረም ሲጠባ ሁለት ደብዳቤ መጣ። አንዱ በጎንደር የመምህራን ማሠልጠኛ እንደተመደብሁ የሚገልጽ ነው፤ አባቴ ማንበብ ባይችልም ማኅተሙን ደጋግሞ በጣቱ ዳሰሰው። ሌላውን ጋሼ ተክላይ ናቸው ያስመጡት፤ ለጤና ረዳትነት ሠልጥኜ ወደዚያው ወደ መተማ ክሊኒክ እንድመለስ ቦታ ተገኝቶልኛል፣ የጎደለው ፊርማዬ ብቻ ነበር። ይህን ሁለተኛውን ለአባቴ አላሳየሁትም። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ጎንበስ ብሎ ሰሊጥ ያጨደ፣ ሌሎችን ያሳጨደ፣ በየዓመቱ ወባ የምትጎበኘው ሰው ነው፤ የሚመኝልኝ ደጋ አገር፣ ጥላ ሥር፣ ጠመኔ ይዤ ቆሜ ማየት ነበር። በሥሩ ላሉት ለጎጃምና ለወሎ አጫጆች ሁሉ «ልጄ መምህርት ልትሆን ነው» ብሎ ነግሯቸዋል፤ ከሸሕዲ በመኪና ተጭነው ለመጡ፣ ስሜን እንኳ ለማያውቁ ሰዎች ሳይቀር። እኔ ደግሞ ክሊኒኩን ፈልጌአለሁ። የፈለግሁበትን ምክንያት ያኔ ብጠየቅ ሳልቸገር እመልስ ነበር፤ እዚያ በር ላይ ሰዎች ይጠብቁኛል።

መሸኛዬ የተደገሰው በጥቅምት መግቢያ እሑድ፣ ከስብሰባው በኋላ ነው። አባቴ ሁለት ፍየል ገዝቶ፣ የሰባውን ሙክት ለጎረቤቶቹ፣ ቀጭኑን ለእኛ አደረገ፤ ለእንግዳ የሚያንስ ነገር ማቅረብ አይወድም። ማለዳ ሁለቱም በግቢያችን ታረዱ፤ ሙክቱን የእትዬ ዘሃራ ወንድም በሥርዓታቸው፣ ቀጭኑን አባቴ በሥርዓታችን። እትዬ ዘሃራ ራሳቸው ቆመው አይተዋል። ሥጋው ተከትፎ ከአንድ ሱቅ በአንድ ቀን የተገዙ ሁለት እኩያ ድስቶች ውስጥ ገባ፣ ተከደነ። ክሩን ዋዜማውን ድስቶቹን ሳጥብ ፈትቼው ነበርና እናቴ ሽንኩርቱ ላይ እንዳቀረቀረች «የእነሱን ክር እሰሪበት» አለችኝ። እኔ በዚያች ሰዓት አባቴን በዓይኔ እየተከተልሁ፣ እንግዳ ሳይገባ ልነግረው የወሰንሁትን ነገር በአፌ እያመላለስሁ ነበር፤ «አባዬ፣ ጎንደር አልሄድም» ማለት በልብ ሲሉት ምንም አይደለም፤ አፍ ላይ ሲደርስ ይከብዳል። ክሩን አሰርሁ። ድስቱን ተሸክሜ ለእትዬ ዘሃራ አድርሼ ተመለስሁ። አባቴ ግን ወደ ስብሰባ ሄዷል።

ብዙም ሳይቆይ በግድግዳው በኩል ጠሩኝ። ገብቼ ሳይ እትዬ ዘሃራ ድስቱን ከፍተው፣ እጃቸውን እንደ ነከሩ፣ አንድ ቁራጭ ሥጋ አንስተው ብርሃን ላይ ይዘውታል። ስብ የሚባል የለውም። የእነሱ ፍየል ግን ስቡ የሚንጠባጠብ ነበር።

«ይህን ክር ማን አሰረው?»

«እኔ ነኝ፣ እትዬ።»

«ልብሽ የት ነበረ?»

ልቤ የት እንደነበረ ነገርኋቸው። ሁለቱንም ደብዳቤ፣ ጋሼ ተክላይን፣ ሐዋን፣ አባቴን፣ ለማንም ያልነገርሁትን ሁሉ እያለቀስሁ ዘረገፍሁት። ሳያቋርጡ ሰሙኝ። እጃቸውን በአመድና በውኃ ሦስት ጊዜ ታጠቡ። እኔ ሮጬ ለእናቴ ልንገራት፣ ድስቶቹን እንለዋውጥ ብል የእኛው ድስት፣ የእነሱ ሥጋ ያለበት፣ እሳት ላይ ከወጣ ቆይቷል፤ ግቢው ውስጥም ቀድመው የመጡ አጫጆች ተቀምጠዋል።

«ቢሰማ አባትሽን አውቆ ሊያበላን ነበር የሚል አይጠፋም» አሉ ቀስ ብለው። «እኛንም እንዲሁ የሚል አይጠፋም። ከዛሬ ወዲያ በዚህ ሰፈር ክር የሚያምን አይኖርም። አንቺ አፍሽን ያዢ። ድስቱን አንሽና ተከተይኝ።»

ሱቁን ሲያልፉ አንድ ጠርሙስ ላምባ አንሥተው ያዙ። ግቢያችን እንደ ደረሱ ለእናቴ እንጨታቸው በዝናብ ርሶ እምቢ እንዳላቸው፣ ጎን ለጎን ቢያበስሉ እንደሚሻል ነግረው ድስታቸውን ከድስታችን አጠገብ ጣዱ። ከዚያ ሁለቱንም ክዳን ገለጥ አደረጉ፣ የእኛም እንጨት ይጨሳል ብለው ጠርሙሱን ይዘው ጎንበስ አሉ። እንዴት እንዳደረጉት እኔ እንኳ እያወቅሁ አላየሁትም። ጠርሙሱ ከእጃቸው ያመለጠ መሰለ፤ አንዱ ድስት ላይ ተንዶቀዶቀ፣ ሊይዙት ሲሉ ሁለተኛው ላይ ተንዶቀዶቀ፣ የተረፈው እሳቱ ላይ ፈሰሰና ነበልባሉ ቱግ ብሎ የቀኝ ክንዳቸውን ላሰው። ግቢው ሁሉ ላምባ ላምባ ሸተተ።

እናቴ ራሷን ያዘች። በሰፈሩ በእጇ የሚተማመኑባት፣ ለሠርግ ከኮኪት ድረስ ተጠርታ የምትሄድ ሴት ሁለት ፍየል በአንድ ጊዜ ላምባ አጠጣች ቢባል ማን ያምናል? እትዬ ዘሃራ ክንዳቸውን በቶባቸው፣ በለበሱት ሰፊ የሱዳን ነጠላ፣ ጠቅልለው እርጅና ጀመረኝ፣ እጄ ከዳኝ እያሉ ይቅርታ ይለምናሉ፤ ዕድሜያቸው ከአርባ አይበልጥም። ያ የልመና ድምፅ እስካሁን ያመኛል።

ከስብሰባ የተመለሱት እንግዶች ያገኙት ፉል ነው። እትዬ ዘሃራ የዕለቱን ፉል ከነማብሰያው አስመጡት፣ ዳቦ ተገዛ፣ ሐዋ የማሽላ ገንፎ ይዛ መጣች፤ ሁሉም በትልልቅ የቆርቆሮ ትሪ ቀረበ። ሥጋ ስለሌለ በዚህና በዚያ የሚቀመጥበት ምክንያት ጠፋ። አባቴ፣ የእትዬ ዘሃራ ወንድም፣ ጋሼ ተክላይ፣ ሁለት የወሎ አጫጆች፣ የቀበሌው ሊቀ መንበር ሳይቀሩ አንድ ትሪ ዙሪያ ተኮልኩለው፣ የሰሊጡ ዘይት በክርናቸው እየወረደ፣ ላምባ ስለ ጠጡት ፍየሎች እየተሳሳቁ በሉ። በዚያ ሰፈር ሁሉም ከአንድ ትሪ ሲበላ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። አባቴ ደስ ብሎት፣ ድግሱ ተበላሽቶበት እንኳ ደስ ብሎት፣ ለሚያልፍ ለሚያገድመው ሁሉ ልጁ መምህርት ልትሆን እንደሆነ ይነግር ነበር።

ከሰዓት በኋላ የእትዬ ዘሃራን ክንድ ክሊኒክ ወስጄ አጠብሁ፣ ቅባት ቀባሁ፣ በፋሻ ጠቀለልሁ። ጋሼ ተክላይ ከኋላዬ ቆመው አሠራሬን ሲያዩ ቆዩና ወረቀቱን ነገ ፈርሜ አመጣላቸው እንደሆነ ጠየቁኝ። እኔ ጎንደር እሄዳለሁ አልኋቸው። እሳቸው መነጽራቸውን አውልቀው ሲወለውሉ እትዬ ዘሃራ ቀና ብለው አዩኝ።

«ላባትሽ ብለሽ ነው ወይስ ለኔ?»

ፋሻውን ቋጠርሁ።

በማግስቱ ከቀበሌ የይለፍ ወረቀቴን ተቀብዬ ሰሊጥ በጫነ ኤንትሬ ላይ ወጣሁ። እናቴ ያለኝ ትልቅ ዕቃ ይህ ነው ብላ ባለ ክሩን ድስት ሰጠችኝ፤ በአመድ ብትፈትገውም የላምባው ሽታ አልለቀቀም ነበር፣ ከዓመት በላይም ምስር ስቀቅልበት ምስሩ ላምባ ላምባ ይለኝ ነበር። ሐዋ መኪናው ድረስ መጥታ ነበር። የት እንደምሄድ በቋንቋዋ አስረዳኋት፤ መቼ እንደምመለስ ስትጠይቀኝ ግን ቃሉን እያወቅሁት የጠፋብኝ መሰልሁ።

መጥፎ አስተማሪ አልነበርሁም። በብዙ ክፍል ብዙ ልጅ አስተምሬአለሁ፣ አንዳንዶቹ መንገድ ላይ አቁመው እጅ ይነሱኛል። ለዕረፍት መተማ በወረድሁ ቁጥር ግን የሰፈሩ ልጆች «ዘሃራ ላምባ» እያሉ ሲሮጡ እሰማለሁ፤ እትዬ ዘሃራም ጠባሳ ባለበት ክንዳቸው ድንጋይ የሚያነሡ መስለው ያስፈራሯቸዋል። ለድግስ ወጥ የሚጠራቸው ጠፍቶ ነበር። እናቴ እስክትሞት ድረስ በዚያ ድግስ ስትስቅባቸው፣ እሳቸውም አብረዋት ሲስቁ፣ እኔ በየዓመቱ ዛሬ እናገራለሁ፣ ዛሬ እናገራለሁ ስል እሷ ሞተች፣ አባቴ ተከተለ፣ ከዚያ የእትዬ ዘሃራ መርዶ መጣ። አፍሽን ያዢ ብለውኛል ብዬ ራሴን አጽናናለሁ። ለሌላው ሰው እንጂ ለእሳቸው ለራሳቸው አንዲት ቃል እንዳልናገር አልከለከሉኝም ነበር።

እሑድ ልጅቷ መጣች። ረጅም፣ ቀልጣፋ፣ መተማ ክሊኒክ የምትሠራ የጤና መኮንን ናት፤ ይህን በስልክ አልነገረችኝም ነበርና ስሰማ ተቀመጥሁ። ጠዋት ከእስላም ልኳንዳ ሥጋ ገዝቼ፣ በዚያው ድስት ሠርቼ፣ ክሩን አጥብቄ አስሬ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬዋለሁ። ወሬዋን እያወራች አወጣችና በላች፤ ጆሮው ላይ ያለውን አላየችም። ጉሙዝኛ የሚናገሩ ሕመምተኞች ሲመጡ ምን እንደምታደርግ ጠየቅኋት።

«አያስቸግሩም» አለች። «ቋንቋ የማይችሉት አይመጡም።»

ድግስስ ብላት፣ አሁን ሁሉም በየወገኑ ዳስ እንደሚጥል፣ እንዲያውም ግልግል እንደሆነ ነገረችኝ። ላምባ የሚለው ስምስ ከየት እንደመጣ ታውቂያለሽ አልኋት። አያቷ ላምባ ይሸጡ ስለነበር ነው ብላ ነው የምታውቀው፤ ቤተሰቡም ሁሉ እንዲያ ነው የሚያውቀው። ያን ሁሉ ዓመት ተሸክሜ የኖርሁትን ነገር የሚፈልገው ሰው አልነበረም። ቢሆንም ነገርኋት፤ ክሩን ማን እንዳሰረው፣ ላምባውን ማን ስለ ማን ብሎ እንዳፈሰሰው፣ እንዲሁም ክንዳቸውን ስጠቀልል የጠየቁኝን ያን ጥያቄ። መልሱንም ነገርኋት፤ ላባቴም ለእሳቸውም ብዬ አልሄድሁም፤ በየቀኑ በዚያ ክንድ ፊት ለፊት መኖር ፈርቼ ነው።

ልጅቷ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ፣ በአያቷ ጉድ እስክታለቅስ ሳቀች። ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ድስቱ ዞር ብላ ክሩን በጣቷ ነካ አደረገችው፣ ሳቋም ቀስ እያለ ለቀቃት።

«ይኼስ፣ ቲቸር፣ የኛ ነው አይደል?»

የእናንተ ነው አልኋት። አያቷ ግን እንዲህ ብለው ጠይቀውኝ አያውቁም፤ ክሩን አይተው ይቀመጡ ነበር።